የጓሮ ዓሣ ኩሬ፦ ከአፈር ምርጫ እስከ መጀመሪያው ምርት

[ምስል፦ በባሕር ዳር ዙሪያ ያለ ጓሮ። ከጎመኑ መደብ ጎን በአራት ችካልና በሲባጎ የተከለለ ባዶ መሬት ይታያል።]

ተራኪ፦ በሲባጎ የተከለለው ይህ ቦታ 15 ሜትር ርዝመትና 10 ሜትር ስፋት ስላለው፣ ኩሬ ሲሆን የውሃው ገጽ 150 ካሬ ሜትር ይሆናል። በበጋ ፀሐይና ንፋስ ከዚህ ገጽ ላይ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢወስዱ የሚጎድለው ውሃ 750 ሊትር ነው፤ ይህም ከ37 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይበልጣል። ወደ መሬት የሚሰርገው ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ ዶማ ከመነሣቱ በፊት መልስ የሚያሻው ጥያቄ፣ በሚያዝያ ወር ምንጩም ጉድጓዱም ሲሳሳ ይህ ውሃ ከየት ይተካል የሚለው ነው። አስተማማኝ መልስ የሌለው ሰው የኩሬውን ስፋት በግማሽ ቢቀንስ ይሻለዋል። የቧንቧ ውሃ የሚጠቀም ከሆነም ክሎሪን ዓሣን ስለሚጎዳ፣ ውሃውን አፉ በተከፈተ በርሜል ውስጥ ለአንድ ሁለት ቀን ማቆየት ይኖርበታል።

[ምስል፦ እጅ እርጥብ አፈር ሲያድበለብል]

ቀጥሎ የሚፈተነው አፈሩ ነው። ከታችኛው የአፈር ንጣፍ አንድ እፍኝ ወስዳችሁ አርጥቡት፣ አድበልብሉት፣ ወደ ላይ ወርውራችሁ ቅለቡት። ሳይበተን እጃችሁ ላይ ካረፈ በቂ ሸክላ አለው ማለት ነው። ይህ ግን ብቻውን አያስተማምንም። ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ጠዋት ውሃ ሙሉት፤ ማታ የጎደለውን ዳግም ሙሉና በቅጠል ሸፍኑት። በማግስቱ ጠዋት አብዛኛው ውሃ ካለ ቦታው ለኩሬ ይሆናል። ጥቁሩ መረሬ አፈር ውሃ ቢይዝም ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ፣ ከእርሱ የተሠራ ክትር (ኩሬውን የሚከብበው የአፈር ግድብ) ከውሃው በላይ ያለው ክፍል በበጋ እንዳይደርቅ ሣር ሊለብስ ይገባል። አፈሩ አሸዋማ ከሆነ ጂኦሜምብሬን የተባለ ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ንጣፍ ማንጠፍ ይቻላል፤ ሆኖም ወጪው ከፍ ያለ በመሆኑ ለመጀመሪያ ኩሬ ከተቻለ ሸክላ ያለበትን ቦታ መፈለግ ይመረጣል።

ቁፋሮው ራሱ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሥርና ቅጠል የበዛበት የላይኛው አፈር ለክትር ሥራ ስለማይሆን ተጠርጎ ለአትክልት መደብ ይቀመጣል። ወለሉ ውሃ ከሚገባበት ወደሚወጣበት አቅጣጫ እያዘቀዘቀ፣ ጥልቀቱ ከ80 ሳንቲ ሜትር ተነሥቶ እስከ 1 ሜትር ከ20 ይደርሳል። ክትሩ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ንጣፍ እየተደለደለና እየተጠቀጠቀ ይሠራል፤ ግድግዳውም እንደ ጉድጓድ ቀጥ ሳይል ተዳፋት ይኖረዋል። አንድ ሕፃን ቢወድቅ ተንጠላጥሎ የሚወጣው በተዳፋት ግድግዳ ነው፤ ያም ሆኖ ኩሬው ዙሪያውን መታጠር አለበት። የመግቢያውና የመውጫው ቧንቧ አፍ በወንፊት ይሸፈናል።

[ምስል፦ ባዶ ኩሬ ወለል ላይ ኖራ ሲበተን፤ ከዚያም ውሃው ቀስ በቀስ አረንጓዴ ሲሆን]

ብዙ ጀማሪዎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው፤ ኩሬው በሞላ ማግስት ዓሣ ያስገባሉ። ጥርት ያለ ውሃ ለዓይን ያምራል እንጂ ለዓሣ ባዶ ሌማት ነው። መሬቱ አሲዳማ ከሆነ ከውሃው በፊት ለእያንዳንዱ 100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ የግብርና ኖራ ይበተናል። ውሃው ከገባ በኋላ ደግሞ በሳምንት ለ100 ካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ በሚሆን ደረቅ የዶሮ ኩስ መጀመር ይቻላል። ኩሱ በጆንያ ታስሮ ኩሬው ጥግ ላይ ሲነከር ንጥረ ነገሩ ቀስ እያለ ይወጣል፤ በዚህም ዋቅላሚ ወይም አልጌ የምንላቸው ደቃቅ ዕፅዋት፣ እነርሱን የሚመገቡ ጥቃቅን ነፍሳትም ይራባሉ። መለኪያው ክንዳችሁ ነው። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ክንዳችሁን እስከ ክርናችሁ ስታጠልቁ መዳፉ ከዓይን የሚሰወር ከሆነ ውሃው ደርሷል፤ ክርናችሁ ሳይነካ ከተሰወረ ግን ፍጉ በዝቷልና ይቁም።

አሁን ወደ ዓሣው እንምጣ። ለእንዲህ ዓይነት ኩሬ የሚመረጠው ቆሮሶ ወይም ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ ነው። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፤ ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን በፍጥነት ያድጋል፣ ከ20 በታች ሲወርድ ዕድገቱ ይጎተታል። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ባሕር ዳር የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ይህን ችግር ያመጣል፤ በደጋ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። በ150 ካሬ ሜትር ኩሬ ውስጥ በካሬ ሜትር ሁለት ሂሳብ 300 የዓሣ ጫጩት ይበቃል። ጫጩቱ እንደ ባሕር ዳርና ሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከላት ካሉ ምንጩ ከሚታወቅ ቦታ ቢመጣ ይመረጣል። የመጣበት ፌስታል ከመከፈቱ በፊት የሁለቱ ውሃዎች ሙቀት እንዲቀራረብ ኩሬው ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ይንሳፈፋል።

የቆሮሶ ትልቁ ጣጣ መራባቱ ነው። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስለምትፈለፍል ብዙዎቹ ጫጩቶች ይተርፋሉ፤ ዓሣውም ክብደቱ 50 ግራም አካባቢ ሳለ መራባት ሊጀምር ይችላል። ያለ ቁጥጥር የተተወ ኩሬ ከወራት በኋላ ሲፈስ 300ው ወደ ሺህዎች በዝቶ፣ አንዱም ለመጥበሻ የማይበቃ ሆኖ ይገኛል። ባለቤቱ ምግቡን ቢጨምርም ለውጥ አያይም፤ ምክንያቱም የጨመረው ምግብ የሚሄደው ወደ አዳዲሶቹ አፎች ነው። አንዱ መፍትሔ ቶሎ የሚያድገውን ወንዱን ብቻ ለይቶ ማርባት ሲሆን፣ ይህ የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል። ለጓሮ የሚቀለው አዲስ የሚፈለፈሉትን ጫጩቶች የሚበላ አምባዛ ከ15 እስከ 30 አብሮ ማስገባት ነው፤ አምባዛው ግን ዋናዎቹን ቆሮሶዎች እንዳይውጥ ሲገባ ከእነርሱ ያነሰ መሆን አለበት።

[ምስል፦ ጠዋት፤ በአንድ ቦታ ፉርሽካና ፋጉሎ ሲበተን]

አረንጓዴው ውሃ ዋናው መኖ ቢሆንም ፉርሽካና የተፈጨ የኑግ ፋጉሎ ቀላቅሎ መስጠት ዕድገቱን ያፋጥናል። 300 ዓሣዎች በአማካይ 50 ግራም ቢመዝኑ ጠቅላላ ክብደታቸው 15 ኪሎ ነው፤ የዚህ 3 በመቶ ማለትም 450 ግራም ለአንድ ቀን ይበቃቸዋል። ምግቡ ለሁለት ተከፍሎ ሁልጊዜ በአንድ ቦታና በተመሳሳይ ሰዓት ይሰጥ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ተበልቶ ካላለቀ በማግስቱ ይቀነስ።

ሳትታክቱ ልትከታተሉት የሚገባው ግን የንጋቱን ሰዓት ነው። ዋቅላሚው ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመነጫል፤ ሌሊት ግን እርሱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይወስዳል። ስለዚህ ኦክስጅን እጅግ የሚያንሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። ዓሣዎቹ በዚያ ሰዓት ውሃው ገጽ ላይ አፋቸውን ከፍተው ቁና ቁና ሲተነፍሱ ካያችሁ የራባቸው መስሏችሁ ምግብ አትጨምሩ። ምግቡንም ፍጉንም አቁሙ፤ አዲስ ውሃ ከከፍታ እየተረጨ እንዲገባ አድርጉ። በክረምት ሰማዩ ለቀናት ደመና ሲለብስ ይህ አደጋ ስለሚጨምር ፍጉን አስቀድሞ መቀነስ ብልህነት ነው። አምባዛ ከአየር ጭምር መተንፈስ ስለሚችል የእርሱ ደህና መሆን አያዘናጋችሁ።

ቀሪው እንክብካቤ ቀላል ነው፦ የዳሩን ሣር ለወባ ትንኝ መደበቂያ እንዳይሆን ማጨድ፣ ወንፊቱን ማጽዳት፣ ለዓሣ በል አሞራ ደግሞ ከኩሬው በላይ ሲባጎ መወጠር።

[ምስል፦ ኩሬው ሲፈስ፤ በመረብ የተሰበሰበ ዓሣ]

ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ 250 ዓሣ እያንዳንዱ 200 ግራም ደርሶ ቢያዝ 50 ኪሎ ነው። በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ ለዚያ ለማድረስ የሚያስብ ሰው የታኅሣሥንና የጥርን ብርድ ቆጥሮ ጫጩቱን በሐምሌ ማስገባት ይኖርበታል። ኩሬው ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሙቀት ሳይመጣ ይፈስሳል። ውሃው ወደ ጎመኑ መደብ ይለቀቃል፤ ወለሉ ላይ የተኛው ጥቁር ደለልም ተዝቆ መደቡ ላይ ይበተናል። ወለሉ በፀሐይ ደርቆ እስኪሰነጣጠቅ ከቆየ በኋላ ኖራው እንደገና ይበተናል።