ምስል መቀላቀል ለሚጀምር ዲጄ

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ዛሬ እንድናገር የተጋበዝኩት፣ ሙዚቃ ማጫወት የለመደ ዲጄ በመድረክ ላይ ቪዲዮንም በቀጥታ መቀላቀል ሲፈልግ ከምን መጀመር እንዳለበት ነው። ይህ ጥያቄ ሲነሣ ውይይቱ ወዲያው ወደ ግዢ ያዘነብላል፤ የትኛው ሚክሰር፣ የትኛው ላፕቶፕ፣ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል ይባላል። እኔ ግን ፋይሉን ከመሣሪያው አስቀድማለሁ። ሙዚቃውን የሚመራ ሰው በምሽቱ መሐል ለምስሉ የሚተርፈው ቢበዛ አንድ እጅና ጥቂት ሰከንድ ስለሆነ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነገር ጥሩ መሆን አለመሆኑ ከሞላ ጎደል የሚወሰነው ዲጄው መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ነው።

ለረጅም ጊዜ ድምፁንና ምስሉን የሚይዙት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በኒው ዮርኩ የሙዚቃ አዳራሽ በፊልሞር ኢስት የጆሹዋ ላይት ሾው ባለሙያዎች ቀለም የተቀላቀለበት ዘይትና ውኃ በፕሮጀክተር ብርሃን ላይ እያንቀሳቀሱ ከሮክ ባንዶች ጀርባ ምስል ይፈጥሩ ነበር፤ ሥራው ራሱን የቻለ ቡድን የሚጠይቅ ነበር። ዲጄው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እንዲይዝ መንገድ ከከፈቱት መሣሪያዎች አንዱ ፓዮኒር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ዲቪጄ ኤክስ 1 ሲሆን፣ ዲቪዲን እንደ ሸክላ ወደፊትና ወደኋላ ለማዞር፣ ፍጥነቱን ለመለወጥና በሉፕ ለመያዝ (አንድን ቁራጭ እየደጋገሙ ለማጫወት) ያስችል ነበር። ዛሬ ያንኑ ሥራ ላፕቶፕ ይሠራዋል።

ጀማሪው በመጀመሪያ የሚመርጠው ከሁለት መንገዶች አንዱን ነው። አንደኛው ዘፈኑንና ክሊፑን በአንድ ፋይል አድርጎ ማጫወት ነው፤ ቨርቹዋል ዲጄን በመሰለ ሶፍትዌር ዘፈኑን ሲቀላቅሉ ምስሉ ተከትሎ ይመጣል። ሁለተኛው ሙዚቃውን ለብቻው እያጫወቱ፣ ሪዞሉምን ወይም ቪዲኤምኤክስን በመሰለ ሶፍትዌር ከድምፁ የተለዩ አጫጭር ምስሎችን መደራረብ ነው። የመጀመሪያው ለእጅ ይቀላል፣ ለዓይን ግን ይከብዳል። ሁለት ዘፈኖች ለ30 ሰከንድ ተደራርበው ቢሄዱ ለጆሮ ደስ ሊሉ ይችላሉ፤ ሁለት ዘፋኞች ግን ፊታቸው ተደራርቦ ከንፈራቸው በየፊናው ሲንቀሳቀስ ማየት አያምርም። ስለዚህ የቪዲዮው ክሮስፌደር (ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ተንሸራታች ቁልፍ) ከድምፁ ክሮስፌደር ጋር ተያይዞ ቀስ ብሎ እንዲለወጥ ከመተው ይልቅ፣ ድምፁ እየተቀላቀለ ምስሉ በአንድ ምት ላይ ቁርጥ ብሎ እንዲለወጥ ማድረግ የተሻለ ነው። እኔ ጀማሪን የምመክረው በዚህ መንገድ እንዲገባና፣ እጁ ሲፈታ ጥቂት የራሱን ሉፖች እየጨመረ ወደ ሁለተኛው እንዲሻገር ነው።

አሁን ወደ ፋይሉ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ። ከስልክ ካሜራ እስከ ኢንተርኔት ድረስ በብዛት የምናገኘው ቪዲዮ በኤች 264 የታመቀ ነው። ይህ የአስተማመቅ ዘዴ ቦታ የሚቆጥበው እያንዳንዱን ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበትን አንድ ነጠላ ምስል) ሙሉ በሙሉ ባለማስቀመጡ ነው፤ በየተወሰነ ርቀት አንድ ሙሉ ፍሬም ያስቀምጥና፣ በመካከል ያሉትን ከጎረቤቶቻቸው የሚለዩበትን ብቻ ይመዘግባል። ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለሚያይ ሰው ይህ ምንም አያስቸግርም፤ ክሊፑን ወደፊት ብቻ ለሚያጫውት ዲጄም ይበቃዋል። ዲጄው ግን ስክራች ያደርጋል (በፍጥነት ወደፊትና ወደኋላ ያመላልሳል)፣ ወደኋላ ይመልሳል፣ ወደ መረጠው ቦታ ይዘላል። ኮምፒውተሩም በእያንዳንዱ ዝላይ ቀዳሚውን ሙሉ ፍሬም ፈልጎ ከዚያ ጀምሮ መፍታት ስላለበት ምስሉ ይንገጫገጫል። ብዙ ጊዜ ላፕቶፑ ደከመ ተብሎ የሚወቀሰው በዚህ ነው፤ ጥፋቱ ግን የፋይሉ ነው።

መፍትሔው እያንዳንዱ ፍሬም ራሱን ችሎ የሚቀመጥባቸው፣ ግራፊክስ ካርዱም በቀላሉ የሚፈታቸው ኮዴኮች (የቪዲዮ ማመቂያና መፍቻ ዘዴዎች) ናቸው፤ ከእነዚህ የታወቁት ሃፕ እና የሪዞሉሙ ዲኤክስቪ ናቸው። ዋጋቸው የሚከፈለው በመጠን ነው። መደበኛው ሃፕ ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ቢት ይመድባል፤ ስለዚህ 1920 በ1080 የሆነ አንድ ፍሬም ወደ 1 ሜጋባይት ይጠጋል፤ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲሆን 31 ሜጋባይት፣ በደቂቃ ደግሞ ወደ 1.9 ጊጋባይት ይደርሳል። ሃፕ በላዩ የሚጨምረው ሌላ ማመቂያ ይህን በተወሰነ ደረጃ ይቀንሰዋል፤ ያም ሆኖ ሁለት ክሊፖች ሲደራረቡ የሚነበበው እጥፍ ስለሚሆን ፋይሎቹን በፈጣን ኤስኤስዲ ማስቀመጥ የግድ ነው። ከዚህም የተነሣ በሺህ ከሚቆጠሩ ያልተሞከሩ ክሊፖች ይልቅ በደንብ የተዘጋጁ አርባ ሉፖች ይበልጣሉ።

ሉፕ ሲዘጋጅ ርዝመቱ በሰከንድ ሳይሆን በምት ይለካ። በደቂቃ 120 ምት ባለው ሙዚቃ 16 ምት በትክክል 8 ሰከንድ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲቆጠርም 240 ፍሬም ነው፤ በ128 ምት ደግሞ 7.5 ሰከንድና 225 ፍሬም ይሆናል። ሉፑ ስንት ምት እንደሆነ ለሶፍትዌሩ ከተነገረው፣ የሙዚቃውን ፍጥነት ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ በሚያስተላልፈው በሚዲ ክሎክ ወይም በኤብልተን ሊንክ ተቀብሎ ርዝመቱን ራሱ ያስተካክላል፤ ሚዲ ክሎክ ለእያንዳንዱ ምት 24 ምልክት ይልካል። ከዚህ ባለፈ ፍጹም መገጣጠምን መፈለግ ብዙም ጥቅም የለውም። ምስሉ መጠኑን ለስክሪኑ በሚያስማማው መሣሪያና በኤልኢዲ ግድግዳው (ከትናንሽ መብራቶች በተሠራው ትልቅ ስክሪን) መቆጣጠሪያ ውስጥ ሲያልፍ አንድም ሁለትም ፍሬም ይዘገያል፤ ድምፅም በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከድምፅ ማጉያው 34 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ምቱን የሚሰማው ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ በኋላ ነው። እንግዲህ ለሁሉም እኩል የሚገጥም ቅንብር አይኖርም፤ ሶፍትዌሩ የማዘግያ ማስተካከያ ካለው በአዳራሹ መሐል ቆሞ መለካት ይበቃል።

በመቆጣጠሪያው ላይ ለምስሉ የሚሰጡት ቁልፎች ጥቂት ይሁኑ፤ አንድ ቁልፍ ለሙሉ ጥቁር፣ አንድ ለማያሳፍር አስተማማኝ ሉፕ፣ አንድ ፌደር (ተንሸራታች ቁልፍ) ለምስሉ ድምቀት፣ አንድ ደግሞ ለተመረጠ ኢፌክት። (ሶፍትዌሮቹ በመቶ የሚቆጠሩ ኢፌክቶች ይዘው መምጣታቸው ለጀማሪ ፈተና ነው፤ ምስሉን ስምንት ቦታ ከፍሎ የሚያሽከረክረው ኢፌክት በተለይ ከሁለተኛው ዘፈን በኋላ ማንንም አያስደንቅም።) ከሁሉም የሚልቀው ጥቁሩ ነው። ሙዚቃው ሊፈነዳ ሲል ለአራት ምት ስክሪኑን ማጥፋት ከማንኛውም ኢፌክት የበለጠ ኃይል አለው፤ ስክሪን ትልቅ የብርሃን ምንጭ ስለሆነም ነጭ የበዛበት ምስል የመብራት ባለሙያውን ሥራ ሁሉ ያጥባል፤ ከእርሱ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ተገቢ ነው።

በብልጭታ ጉዳይ ላይ ግን ምርጫ የለም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 1997 በጃፓን ቴሌቪዥን በተላለፈ የካርቱን ፊልም ቀይና ሰማያዊ በፍጥነት እየተፈራረቁ በመብለጭለጫቸው ከ600 በላይ ተመልካቾች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። ለድረ ገጾች የወጣው የተደራሽነት መመሪያ ወሰኑን በሰከንድ ሦስት ብልጭታ ላይ ያደርገዋል፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጣል። በ128 ምት በየምቱ አንድ ብልጭታ በሰከንድ 2.1 ያህል ስለሆነ ከወሰኑ በታች ነው፤ በየምቱ ሁለት ከሆነ ግን 4.3 ይደርሳል። ግድግዳ የሚያህል ስክሪን ፊት ከቆመ ሕዝብ መካከል ማን ለብልጭታ የተጋለጠ እንደሆነ ዲጄው ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ ሁለተኛውን መተው ይኖርበታል።

ስለ መብት አጭር ነገር ልጨምር። ለግል እይታ የተገዛ ወይም ከኢንተርኔት የወረደ ክሊፕ በሕዝብ ፊት ለማሳየት ፈቃድ አይሰጥም፤ አዳራሹ ለሙዚቃው የከፈለው ፈቃድም ምስሉን ላይሸፍን ይችላል። ለዲጄዎች ቪዲዮ የሚያቀርቡ የደንበኝነት አገልግሎቶች አሉ፤ ውላቸውን ማንበብ ግን የዲጄው ፈንታ ነው። ናሳ የሚያወጣቸው ቪዲዮዎች በአብዛኛው የቅጂ መብት የማይጠየቅባቸው ናቸው፤ በኢንተርኔት አርካይቭ የሚገኘው የፕሬሊንገር ስብስብም ብዙ አሮጌ የማስታወቂያና የትምህርት ፊልሞች ይዟል። ስልክን በማቆሚያ ላይ አድርጎ ራስ የሚቀርጹት የእጅ፣ የውኃ ወይም የጥላ ምስል ግን ሌላ ማንም ዲጄ የለውም፤ እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው።

ወደ ዝግጅቱ ቦታ ከመሄድ በፊት የስክሪኑን ትክክለኛ ፒክስል መጠን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ኤልኢዲ ግድግዳዎች ብዙ ጊዜ የቴሌቪዥን ቅርጽ የላቸውም፣ ያልተጠየቀ መጠንም የዘፋኙን ግንባር ይቆርጣል። የኤችዲኤምአይ ኬብል ከ15 ሜትር ገደማ በላይ ሲረዝም ስለማይታመን፣ ለርቀት የሚሆን የኤስዲአይ ወይም የፋይበር ኬብል ካለ ያንን መጠየቅ፣ ከኤችዲኤምአይ ወደዚያ የሚቀይረውንም መሣሪያ ይዞ መሄድ ይገባል። ላፕቶፑ ስክሪኑን እንደ ሁለተኛ ማሳያ እንዲያየው ይደረግ፤ የመልእክት ማሳወቂያና የእንቅልፍ ሁነታ ይጥፉ፤ አለዚያ የግል መልእክት በአሥር ሜትር ስፋት ይነበባል። ከምሽቱ በፊትም ሙሉውን ሰዓት፣ ሁለቱም ማሳያዎች ተያይዘው፣ ቻርጀር ተሰክቶ መለማመድ አለበት፤ የግራፊክስ ካርድ ድካም የሚታየው ከሙቀቱ ጋር ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ ነውና። ላፕቶፑ ቢቆምም ስክሪኑ ላይ የስህተት መልእክት እንዳይቀር፣ አንድ ሉፕ ብቻ የያዘ፣ ከፍላሽ ዲስክ ቪዲዮ የሚያጫውት ትንሽ መሣሪያ በቪዲዮ ሚክሰሩ (ምስሎችን በሚቀላቅለው መሣሪያ) ሁለተኛ መግቢያ ላይ ተሰክቶ ይጠብቅ።

የቀረውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ ትቻለሁ። ስለ አዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።