አሮጌ ኮርሳ፣ የጅማ ዝናብና የጅሬን ቁልቁለት

የባጃጅ ሒሳብ ያልመረረው ሰው የለም መሰለኝ፣ በዛሬው ሰዓታችን ስልኩ የጮኸው በሙሉ ስለ አሮጌ ኮርሳ፣ ማለትም ስለ እሽቅድምድም ብስክሌት ነው።

«ጋሼ፣ መርካቶ አካባቢ አንድ አሮጌ ኮርሳ አግኝቻለሁ። ሻጩ የጣሊያን ኦሪጅናል ነው ብሎ ዋጋ አልቀንስም አለ። ልግዛው?» (ከቆጪ የደወለ ወጣት)

ወንድሜ፣ ጣሊያኑን ተወውና ጎንበስ ብለህ የጎማውን ጎን አንብብ። 622 የሚል ቁጥር ካለበት 700 ሲ የሚባለው ነው፣ ጎማው ይገኛል። 630 ካለበት ግን የድሮው 27 ኢንች ነው። ልዩነታቸው 8 ሚሊሜትር ብትሆንም የአንዱ ጎማ ለሌላው አይሆንም፣ 27ቱን ስትፈልግ ትከርማለህ። ቀጥለህ ቴላዮው (የብስክሌቱ አካል የሆነው ብረት) ከመሪው ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ ከስሩ በጣትህ ዳብሰው። ቀለሙ ከተሸበሸበ ወይም ብረቱ ካበጠ ከፊት ተጋጭቷልና በነጻ ቢሰጥህም እንዳትወስድ። የኮርቻውን ዘንግም ፈታ አድርገህ ከፍ ዝቅ አድርገው፤ ዝጎ ከተጣበቀ ማስለቀቁ ራስ ምታት ነው። እኔ አንዴ በሚያብረቀርቅ ቀለም ተሸውጄ ዘንጉን ለማውጣት ሁለት ቅዳሜ ፈጅቻለሁ።

ካቴናውን (ሰንሰለቱን) ደግሞ በሜትር ለካው። ከአንድ ፒን ጀምረህ 24 ክፍል ቁጠር፤ አዲስ ከሆነ 30 ሴንቲ ተኩል ገደማ ይመጣል። ወደ 30.8 ከተጠጋ አልቋል፣ የኋላውን ጥርስም አብሮ በልቶታል። ይህንን ከዋጋው ላይ አስቀንስ።

«ዝናብ ሲሆን ፍሬኑ አይዝም። ላስቲኩን ቀየርኩ፣ ያው ነው።» (ከአጂፕ)

ላስቲኩ ምንም አላጠፋም፣ ቸርኬህን ጠርጥር። ከተበላሸ ስፒከር ላይ ማግኔት አውጣና አስጠጋው፣ ከያዘው ብረት ነው። የብረት ቸርኬ ሲርስ ላስቲኩ ላዩ ላይ ይንሸራተታል፣ አሉሚኒየም በብዙ ይሻላል። እንደ ጅማ ዝናብ ለማይለቀው ከተማ ይሄ የቅንጦት ወጪ አይደለም። እስክትቀይረው ድረስ ከመቆሚያህ ቀደም ብለህ ፍሬኑን ነካ ነካ አድርግ፣ ውሃው ይጠረግ፣ ከዚያ ጠበቅ አድርገህ ያዝ። ጅሬን ካለው ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቁልቁል ግን እኔ ብሆን በዝናብ በብረት ቸርኬ አልሞክረውም፣ ወርጄ እየገፋሁ ነው የምመጣው፤ የፈለገ ይሳቅ።

«ኮብልስቶኑ ላይ ከመነዳሪው (የውስጥ ጎማው) በየሳምንቱ ይበሳብኛል።»

አውጥተህ እየው። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካለው ምስማር አይደለም፣ አየሩ አንሶ ድንጋዩ ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦታል። ጎማው ጎን ላይ እስከተጻፈው ልክ ድረስ ሙላው። ቦታ ካለው ደግሞ ወፈር ያለ፣ 32 የሚለውን ጎማ አስገባ፤ ሲዞር ፍሬኑንም ቴላዮውንም እንዳይነካ ብቻ። የመንፊያው አፍ ቀጭን ከሆነ የጎሚስታው ቱቦ አይገባበትም፣ ትንሿን ማገናኛ ገዝተህ ኪስህ አኑራት።

«መሪው ዝቅ ብሎ ወገቤን ገደለኝ።» (አስተማሪ ነኝ ያሉ እናት)

እርስዎ ደግሞ ቀላል ነው። በድሮዎቹ ላይ ከመሪው አናት ያለውን ቡሎን ትንሽ ያላሉት፣ እንጨት ደርበው በመዶሻ መታ ያድርጉት፣ ከዚያ መሪው ወደ ላይ ይሳባል። ዘንጉ ላይ የተጫረች መስመር አለች። እሷ ብቅ ካለች አልፈዋልና መልሰው ዝቅ ያድርጉት፣ ከዚያ ቡሎኑን ጥብቅ ያድርጉት።