ምክትል ሆኖ ቢመጣስ?

እሺ፣ እየቀዳ ነው መሰለኝ። ዛሬ ስለዚያ ስለ መኪናዬ ጉዳይ ላወራ ነበር፣ ተዉት፣ አሁንም እዚያው ቆማለች። እትዬ ያለችኝ ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

አዎ፣ የበርበሬዋ እትዬ። የአሜሪካ ዜግነት ፈተና እያጠናች ነው፣ አዲሱን፣ ባለ 128 ጥያቄውን። እኔ ጠያቂ፣ እሷ መላሽ። «ፕሬዚዳንት ከሁለት የሥልጣን ዘመን በላይ ማገልገል አይችልም፤ ለምን?» አልኳት። «በሕገ መንግሥቱ 22ኛው ማሻሻያ!» አለች፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ። ወደሚቀጥለው ላልፍ ስል፣ «ቆይ አንተ፣ ምክትል ሆኖ ቢመጣስ? አለቅየው በማግስቱ ለቅቄያለሁ ቢልስ?»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«አይሆንም እትዬ፣ 12ኛው ማሻሻያ አለ» አልኳት። ለፕሬዚዳንትነት ብቁ ያልሆነ ሰው ምክትልም አይሆንም ይላል፤ ከ1804 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ። «ብቁ ያልሆነ ማለት ማን ነው?» አለችኝ።

እዚህ ጋ ነው። 22ኛው የሚለው እኮ ከሁለት ጊዜ በላይ «አይመረጥም» ነው። ወንበሩ ላይ አይቀመጥም አላለም! የፈተናው ወረቀት ማገልገል ይላል፣ ሕገ መንግሥቱ መመረጥ። ታዲያ በመተካት የሚገባው ሰው ብቁ ነው ወይስ አይደለም? የሕግ ሰዎቹም አልተስማሙም፤ ሞክሮት የተከሰሰ የለም፣ ፍርድ ቤት አልደረሰም።

የሚገርመኝ ጸሐፊዎቹ መተካትን ረስተውት አይደለም። የሌላ ሰው ዘመን ላይ ከሁለት ዓመት በላይ የሠራ አንዴ ብቻ ይመረጣል ብለው ጽፈዋል። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አራት ጊዜ ተመርጦ በ1945 ወንበሩ ላይ እንዳለ ሲሞት ደንግጠው ነው፤ ማሻሻያውን በ1947 ኮንግረስ አሳለፈው፣ በ1951 ጸደቀ። ያን ሁሉ አስበው ይቺን ቀዳዳ... ወይስ ማን ይደፍራል ብለው ነው? ትራምፕ ራሱ በ2025 ስለዚሁ ስለ ምክትልነቱ ሲጠየቅ ይፈቀድልኛል፣ ግን ሕዝቡ አይወደውም፣ አላደርገውም ነው ያለው። ይፈቀድልኛል!

እትዬ ደግሞ ምን አለች፣ «እኛ ጋ ይሻላል፣ ግልጽ ነው»። ኧረ እትዬ! እኛ ጋ ሁለት ዘመን የሚል ገደብ የተጣለበት ፕሬዚዳንቱ ነው፣ እንግዳ የሚቀበለው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ገደብ የለውም። መቶ አለቃ ግርማ 12 ዓመታቸውን ጨርሰው ወጡ፣ መለስ በእኛ አቆጣጠር ከ1987 ጀምሮ በ2004 እስኪሞቱ ድረስ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ይሄን ስላት ዝም አለች። ከዚያ እኔም ደበረኝ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ጥናቷን አበላሸሁባት መሰለኝ።

ለማንኛውም፣ የአሜሪካ ዳኞች ይከለክሉታል ባይ ነኝ። መሰለኝ። የማሻሻያው መንፈስ ግልጽ ነው... መንፈስ ግን ፊደል አይደለም። ቆይ፣ አፈ ጉባኤውስ? ከምክትሉ ቀጥሎ ተረኛው እሱ ነው፣ 12ኛው ስለ እሱ ምንም አይልም። የመተካካት ሕጉ ግን ብቁ የሆነ ብቻ ይላል። ብቁ! አሁንም ብቁ! እና ሁለቱም አብረው ቢለቁ... አይ፣ እንደሱ ከሆነማ...