ባሕር ዳር በቆጂ አይደለችም፤ መሆንም የለባትም
(በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አሰልጣኞች፣ ዳኞች፣ የክለብ ኃላፊዎችና የስፖርት መምህራን፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ። ከደብረ ታቦር፣ ከወረታ፣ ከዳንግላና ከዘጌ ማልዳችሁ የተነሣችሁ እጥፍ ምስጋና ይገባችኋል።

ብሔራዊ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ሁለት ሥራ አለበት። አንዱ ብዙ ልጅ ሜዳ ላይ ማውጣት ነው፤ ሌላው ከእነዚያ መካከል ጥቂቶቹን ለዓለም መድረክ ማብቃት። ወረቀት ላይ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፦ ታዳጊዎች የሚሰለጥኑበት ፕሮጀክት፣ ማሰልጠኛ ማዕከል፣ ክለብ፣ ብሔራዊ ቡድን። ፌዴሬሽኑ ደንብ ያወጣል፣ ሻምፒዮና ያዘጋጃል፣ ቡድን ይመርጣል። የልጁን ስም መጀመሪያ መዝገብ ላይ የሚያሰፍረውና መጀመሪያ አሎሎ የሚያስጨብጠው ግን እዚህ አዳራሽ የተቀመጠው ሰው ነው። ላይ የሚታየው ስሕተት አብዛኛው ከታች፣ ከእኛ ደብተር ነው የሚጀምረው።

ከከፍታው ልነሣ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የረጅም ርቀት ሯጮች መፍለቂያ የሆነችው የአርሲዋ በቆጂ 2800 ገደማ። ሙቀቱንም ጨምሩበት። ሆኖም የፕሮጀክቶቻችንን ዕቅድ ያየ ሰው ከአርሲ ተቀድቶ የመጣ ነው የሚመስለው፤ ዛሬ ረጅም ሩጫ፣ ነገም ረጅም ሩጫ። የእኛ ሜዳ የሚሰጠው ሌላ ነው። አየሩ እንደ ደጋው ስላልሳሳ 400 ሜትርን አሥር ጊዜ ፍጥነት ሳይጥሉ መደጋገም ይቻላል። የአዲስ አበባ አሰልጣኞች ለፍጥነት ሥራ ወደ አቃቂ የሚወርዱት ለዚሁ ነው፤ እኛ ለመውረድ ነዳጅ አናወጣም። ነዳጁን ማውጣት ያለብን ለመውጣት ነው። ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ 2700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ይዛ ተቀምጣለች። የረጅም ርቀት ልጆቻችን መሠረታቸውን እዚያ ይጣሉ፤ ለትራክ ሥራ እዚህ ይውረዱ። ቅዳሜ ወጥቶ እሑድ መመለስ ግን ትርፉ ድካም ነው። ሰውነት ቀይ የደም ሴሉን ለመጨመር ሦስትና አራት ሳምንት ይፈልጋል።

ሁሉም ልጅ ደግሞ የረጅም ርቀት ልጅ አይደለም። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች በሙሉ ከ800 ሜትር ጀምሮ ወደ ላይ ባሉት ርቀቶች ነው። 800 ሜትሩ ራሱ ፅጌ ዱጉማ በፓሪስ 2024 በ1:57.15 ብር እስክታመጣ ድረስ ባዶ ነበር፤ እሷም ከ400 ሜትር ነው የመጣችው። ከዚያ በታች ያለው ሩጫ፣ ዝላዩና ውርወራው ገና ያልታረሰ መሬት ነው። ለእርሻው የሚመቸው ደግሞ ሞቃትና ሜዳማ አገር ነው።

ውርወራን የሚገድለው የመሣሪያ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ አሎሎ ነው፤ እሱም የአዋቂ ወንዶች፣ 7.26 ኪሎ። የ16 ዓመት ልጅ ይህን ሲገፋ ክርኑ ወደ ታች ይወርዳል፤ መግፋቱ ቀርቶ እንደ ድንጋይ መወርወር ይሆናል፤ ከዚያ ትከሻው ይታመማል። ከ18 ዓመት በታች ለወንድ 5 ኪሎ፣ ለሴት 3 ኪሎ ነው ደንቡ። ይህን ከውጭ መጠበቅ አያስፈልግም። ከተማችን ውስጥ ያለ ቶርኖ ቤት ከድፍን ብረት ይሠራዋል፤ 5 ኪሎው 10.7 ሴንቲ ሜትር፣ 3 ኪሎው 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ይኖረዋል። ባዶ ኳስ ውስጥ አሸዋና ሲሚንቶ ሞልቶ ማስያዝ ለልምምድ ያገለግላል፤ ለውድድር ግን አይሆንም፤ ክብደቱ ይጎድላል፣ ሲወድቅም ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ መዝገቡ ልምጣ፤ ብዙ ልጅ የሚጠፋብን እዚህ ነው። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ የዕድሜ ክልል የሚለካው ልጁ በውድድሩ ዓመት ዲሴምበር 31 ቀን ባለው ዕድሜ ነው። ከ20 ዓመት በታች የሚባለው ያን ቀን 18 ወይም 19 የሆነው ነው። የእኛ ልጅ የተመዘገበው በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው። የፈረንጆቹ ዓመት የሚለወጠው ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ላይ ነው፤ ከመስከረም እስከዚያ ለተወለደ 7 ይደመራል፣ ከዚያ ወዲህ ለተወለደ 8። ጥር 2000 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ 2008 ናት። ጸሐፊው 7 ደምሮ 2007 ካላት ያለ ጥፋቷ አንድ ዓመት አርጅታ ከክልሏ ትወጣለች። ኅዳር 2000 የተወለደው ላይ 8 ከተደመረ ደግሞ አንድ ዓመት ያንሳል። ኋላ ፓስፖርት ሲወጣ ሁለት የልደት ቀን ይገኛል፤ ሁለት ቀን የተገኘበት ልጅ ዕድሜ ቀነሰ መባሉ አይቀርም። ስለዚህ መዝገባችን ላይ የሚሰፍረው መጀመሪያ የኢትዮጵያው ቀን፣ ወርና ዓመት ይሁን፤ ከክትባት ወይም ከትምህርት ቤት ካርድ ላይ፣ ፋይዳ ካለውም ከእሱ ጋር ተመሳክሮ። የፈረንጁን ዓመት አንድ ሰው ብቻ አስልቶ በሌላ ረድፍ ይሙላ።

ሆን ተብሎ ስለሚቀነሰው ዕድሜ ብዙ አልናገርም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህን ብቻ ልበል፦ የ21 ዓመት ወጣት 16 ተብሎ ሲያሸንፍ እውነተኛው የ16 ዓመት ልጅ ስድስተኛ ወጥቶ ጫማውን ይሰቅላል። አሸናፊውም ቢሆን ያደገ ሰው ነውና ከዚያ ወዲያ አይሻሻልም። አንድ ዋንጫ ለማግኘት ሁለቱንም እናጣለን።

የጎዳና ሩጫዎቻችን ሰው ይሰበስባሉ፤ መልካም ነው። ርቀታቸው ግን በሞተር ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ነው የሚለካው። 10 ኪሎ ሜትር የተባለው ከ300 ሜትር በላይ የጎደለበት ጊዜ አይጠፋም፤ ልጁም በዚያ ሰዓት ተኩራርቶ ክለብ ሲሞከር ያፍራል። ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት ጠፍቶ ነው? ትክክለኛው መለኪያ ከፊት ጎማው ጋር ዙር የሚቆጥር መሣሪያ የተገጠመለት ብስክሌት ነው። አስቀድሞ በሜትር በተለካ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ይመሳከራል፤ ከዚያ ሯጭ ሊሄድበት በሚችለው አጭሩ መስመር፣ ኩርባውን ከጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይነዳል። በመጨረሻ ርቀቱ እንዳያጥር 0.1 በመቶ ይጨመራል፤ ለ10 ኪሎ ሜትር 10 ሜትር ማለት ነው። ጎማው ጠዋት በብርድ ተለክቶ ቀትር ላይ ሲሞቅ ስለሚነፋ ከልኬቱ በኋላም ድጋሚ ይመሳከር።

ወደ ላይኛው ደረጃ ስንሄድ ጉዳዩ ይጠብቃል። ለቶኪዮ 2025 የዓለም ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር ሚኒማ፣ ማለትም ለመሳተፍ የሚያበቃው ሰዓት፣ ለወንድ 27:00.00፣ ለሴት 30:20.00 ነበር። ይህ ሰዓት በአገራችን ከፍታ አይመጣም። ፌዴሬሽኑ የማጣሪያ ውድድሩን እ.ኤ.አ. በ2019ና በ2021 ሄንግሎ፣ ኔዘርላንድ፣ በ2024 የ10,000 ሜትሩን ስፔን ኔርሃ ላይ ያካሄደው ለዚህ ነው። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፤ ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት የሌለው ልጅ ማጣሪያውንም አያይም። ማናጀር ያለው ይሄዳል፤ የሌለውን ልጅ ክለቡ ቀድሞ ፓስፖርት ካላስያዘው ማንም አይደርስለትም።

ከፓስፖርቱ ቀጥሎ ሁለተኛው በር የአበረታች ቅመሞች ምርመራ ነው። ኢትዮጵያ በከፍተኛ ስጋት ምድብ፣ በምድብ ሀ ካሉ አገሮች አንዷ ናት። ከ800 ሜትር ጀምሮ የሚሮጥ አትሌት ለዓለም ሻምፒዮና ወይም ለኦሎምፒክ እንዲመረጥ፣ ከውድድሩ በፊት ባሉት 10 ወራት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ከውድድር ውጪ በድንገት መመርመር አለበት፤ በመካከላቸውም ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይኑር። ስለዚህ ዘግይቶ የወጣ ልጅ የሁሉ ፈጣን ቢሆንም ሊቀር ይችላል። ተስፋ የሚጣልበት ልጅ ስናይ ስሙን እስኪያሸንፍ ይዘን አንቆይ፤ በጊዜ ለፌዴሬሽኑ እናስተላልፍ።

በምርመራው መዝገብ ውስጥ የገባ አትሌት በየሦስት ወሩ ያለበትን ቦታ ያሳውቃል፤ በየቀኑም የሚገኝባትን አንዲት ሰዓት። እዚህ ላይ የሚያጠፋን ተንኮል አይደለም፤ ለቅሶ ነው። ዘመድ ሞቶ ወደ ገጠር ይሄዳል፣ ስልኩ ኔትወርክ አያገኝም፣ አድራሻውን አልቀየረም፤ መርማሪው ሲመጣ ቤቱ ባዶ ነው። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከሆነ ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት ይደርሳል። ቤቱ ቁጥር ከሌለው የአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት፣ የበሩ ቀለም፣ የአከራይ ስልክ ይጻፍ።

ሦስተኛው ግሉኮስ ነው። ደክሞኛል ብሎ ክሊኒክ የገባ ልጅ ጉሉኮስ ተሰቅሎለት ይወጣል። ሆስፒታል ታክሞ ካልሆነ ወይም አስቀድሞ ፈቃድ ካልያዘ በቀር በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ ክልክል ነው፤ ውስጡ ንጹሕ ውኃ ቢሆንም። የሕመም ማስታገሻው ትራማዶልም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በውድድር ጊዜ ታግዷል። የወባ መድኃኒት አይከለከልም፤ ጣና ዳር ለሚኖር ይህን ማወቅ ደግ ነው።

ጾሙንም ላንሣ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። አትጹሙ ማለት የእኛ ሥልጣን አይደለም፤ የጣና ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውንም ለአባቶች እተዋለሁ። እኛ ማድረግ የምንችለው ከባዱን ልምምድ ከምግብ በፊት ሳይሆን ከ9 ሰዓት በኋላ፣ ቀለል ያለ ነገር ከቀመሱ ወዲያ ማዋል ነው። ምስሩና ሽምብራው ሎሚ ወይም ቃሪያ ይኑረው፤ ሻይና ቡናው ብረቱን ስለሚያስቀር ከምግብ አንድ ሰዓት ይራቅ። የሴት ልጅ የወር አበባ ሦስት ወር ከቀረ አሰልጣኙ እንደ በረከት አይቁጠረው፤ ምግቧ ከሥራዋ አንሷል፣ አጥንቷ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስለ ጫማ ባጭሩ፦ እ.ኤ.አ. በ2021 ቪየና ማራቶን ላይ አንደኛ የገባው ኢትዮጵያዊ ሶሉ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተሰርዟል፤ የጎዳናው ገደብ 4 ነው። ትራክ ላይ ከኖቬምበር 2024 ወዲህ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ዳኞቻችን ማስመሪያ ይዘው ይግቡ።

ተጠባባቂም አይናቅ። ታምራት ቶላ ፓሪስ የሄደው በጉዳት በወጣው በሲሳይ ለማ ምትክ ነው፤ በ2:06:26 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ አመጣ። አራተኛ የወጣ ልጅ ልምምዱን እንዳያቋርጥ ክለቡ የካምፕ ወጪውን እስከ ውድድሩ ቀን ይሸፍን።

ለጉባኤው የቀረቡት ሦስት ውሳኔዎች እነዚህ ናቸው፦ አንድ ወጥ የልደት መዝገብ፣ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት አንድ የ5ና አንድ የ3 ኪሎ አሎሎ፣ ከደብረ ታቦር ጋር የአራት ሳምንት የካምፕ ስምምነት። የመዝገቡ ቅጽ በር ላይ አለ፤ ከሻይ በፊት እያንዳንዱ ፕሮጀክት አንድ አንድ ይውሰድ። አሁን ሒሳብ መርማሪያችን ሪፖርታቸውን ያቀርባሉ።