አክሰንት ከጆሮ ይጀምራል

እንደምን ዋላችሁ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድም እህቶቼ! እዚህ ደሴ፣ ትያትር የሚወዱ ወጣቶች መሀል ቆሜ እንድናገር ስለጠራችሁኝ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አክሰንት፣ ማለትም ሰው የየት አገር እንደሆነ ስለሚያሳብቀው የአነጋገር ዜማ ነው። ተዋናይ የሌላ አገር ሰው ሆኖ ሲናገር መቼ እናምነዋለን? መቼስ ጆሯችን እምቢ ይላል?

ነገሩ ልቤ ውስጥ የገባው በአያቴ ምክንያት ነው። አያቴ የአምባሰል ሰው ናቸው። አንድ ቀን ቡና ተፈልቶ ቴሌቪዥን እናያለን፣ አንዲት ተዋናይ የወሎ ገጠር እናት ሆና ትሠራለች። ቀሚሱ ልክ ነው፣ መቀነቱ ልክ ነው። አፏን ስትከፍት ግን አያቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ይቺ ልጅ የየት አገር ሰው ናት?» አሉ። «የወሎ ሰው ሆና ነው እኮ የምትሠራው እምዬ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እኛን እንዲህ አርገው ነው የሚሰሙን?» አሉኝ። ይቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም። ተዋናይዋ «ከ» የሚለውን ሁሉ «ኸ» ስትል ነበር። ፊደሉን ይዛዋለች፣ ዜማው ግን አብሯት አልነበረም።

ለወሎ ሰው ስለ ዜማ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ባቲም አምባሰልም የቅኝት ስም ናቸው፣ የአገራችንም ስም ናቸው። ማሲንቆው በአምባሰል ተቃኝቶ ዘፋኙ በባቲ ቢጀምር፣ ግጥሙ ምንም ያህል ቢያምር ጆሮ ይጎረብጠዋል። አክሰንትም እንደዚያው ነው።

እስቲ ወደ እንግሊዝኛው ልውሰዳችሁ፤ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራቸው። ዲክ ቫን ዳይክ አሜሪካዊ ተዋናይ ነው። በ1964 በወጣው «ሜሪ ፖፒንስ» ላይ የለንደን ሠራተኛ ሰፈር ሰው ሆኖ ሠራ፣ ኮክኒ የሚባለውን አነጋገር ለመናገር ሞከረ። ፊልሙ እጅግ ተወደደ። አክሰንቱን ግን እንግሊዞች አልረሱለትም፣ እሱም በ2017 የእንግሊዝ ፊልም አካዳሚ ሊሸልመው ሲል ስለዚያ አነጋገሩ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ሃምሳ ዓመት አልፎ! ሰው አነጋገሩ ሲበላሽበት ምን ያህል እንደሚሰማው ከዚህ በላይ የሚያሳየኝ የለም።

አሜሪካዊውን ተዋናይ ፎረስት ዊተከርን ደግሞ እዩት። በ2006 በወጣ ፊልም ላይ የኡጋንዳውን አምባገነን ኢዲ አሚንን ሆኖ ሲሠራ ስዋሂሊ ተማረ፣ ኡጋንዳ ሄደ፣ ከአሚን ዘመዶችም በአሚን ከተበደሉትም ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ አዳመጠ። ኦስካር ወሰደ። ለኔ ትልቁ ነገር ግን ሽልማቱ አይደለም፣ ቁጭ ብሎ ማዳመጡ ነው።

ተዋናይዋ ሩት ነጋስ? ይቺ የኛው ልጅ ናት ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ተወለደች፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ አየርላንዳዊት፣ ያደገችው አየርላንድ። በ2016 «ለቪንግ» በሚባለው ፊልም ላይ የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ገጠር ጥቁር ሴት ሆነች፣ ሚልድረድ ለቪንግን፣ ከነጭ ባሏ ጋር በመጋባቷ የታሰረችውን። ያን አነጋገር ሳታጋንን፣ ዝግ ብላ፣ በትንሽ ድምፅ ስትናገረው አየርላንድ ያደገች መሆኗን እረሳዋለሁ። ለኦስካርም ታጭታለች።

አሜሪካዊው ተዋናይ ቻድዊክ ቦስማን ደግሞ «ብላክ ፓንተር» የሚባለው ፊልም ላይ የአንድ ልቦለድ አፍሪካዊ አገር ንጉሥ ሲሆን የእንግሊዝ አክሰንት አልናገርም ብሎ ተከራከረ። በቅኝ ያልተገዛ አገር ንጉሥ ለምን በቅኝ ገዢ አፍ ይናገራል ነው ነገሩ። ይህን የዐድዋ ልጆች ከማንም በላይ እንረዳዋለን። የመረጠው ከደቡብ አፍሪካው ኾሳ ቋንቋ የተነሳ አነጋገር ነው፣ ማለትም የሆነ አገር፣ የሆነ ሕዝብ አለው። ብዙ ፊልም ላይ የምንሰማው «የአፍሪካ አክሰንት» እኮ የማንም አይደለም፣ ከየአገሩ ተቃርሞ የተቀላቀለ ነው።

ሥራው ከባድ ነው። የለንደን ሰው «ካር» ሲል የመጨረሻዋን «ር» ይውጣታል፣ አሜሪካዊው ምላሱን ጠቅልሎ ያወጣታል። እኛ እንግሊዝኛ ስንናገር «ስፖርት» ከማለት «እስፖርት» ማለት ይቀናናል፣ «ዘ» የምንላት ቃል ላይም ምላሳችን ጥርስ መሀል አይገባም። ጥሩ ተዋናይ ከአነጋገር አሰልጣኝ ጋር ሆኖ ይህን ይለማመዳል፦ ምላስ የት ያርፋል፣ ድምፅ የት ይወጣል፣ የቱ ቃል ላይ ይረግጣል። ከዚያ ደግሞ ሲናደድም፣ ሲያለቅስም እንዳያመልጠው ከራሱ ጋር ማዋሃድ አለበት። የሚያጋልጠው ንዴቱ ላይ ነው። ሰው ሲናደድ ወደ እናቱ አፍ ይመለሳል።

ስለዚህ ልጆች፣ በሚቀጥለው ትያትራችሁ ላይ የባቲ ነጋዴ አለች አይደል? እባካችሁ በቪዲዮ አትማሯት። ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን ነው። አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም እዚያ ይገናኛል፣ ሁሉም አማርኛን በየራሱ ዜማ ሲናገር ትሰማላችሁ። ሰኞ በጠዋት ከመናኸሪያ አብረን እንሳፈር። አንዲት እናት አጠገብ አስፈቅደን እንቀመጥ፣ ዋጋ ሲደራደሩ፣ ልጅ ሲጠሩ፣ ሲሰናበቱ እንስማ። ማስታወሻ ደብተር ያዙ። እኔ አያቴን ይዤ እመጣለሁ፣ ማታ ስትለማመዱ እሳቸው ይስሟችሁ።