95 ሴንቲ ሜትር የምትረዝመው «ኢትዮጵያ»

ሜሮን፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ ስቱዲዮ አልገባንም። ሐዋሳ ነን፣ አሞራ ገደል አጠገብ፣ የጋሽ ታደሰ ግቢ ውስጥ። ኮላ ኮላ ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ ጋሽ ታደሰ ከእንጨት የሚሠሯት፣ ገና ጎኗ ያልተሸፈነ ትንሽ የመርከብ ሞዴል ተቀምጣለች። ጋሽ ታደሰ፣ እንደ ሁልጊዜው አብረን ነው የምናወራው፤ ግን ዛሬ ጠያቂዋ እኔ ነኝ።

ታደሰ፦ ጠይቂኝ። እጄ ግን ሥራ አይፈታም። የዛሬው ጣውላ ቢደርቅብኝ ይቆጨኛል።

ሜሮን፦ ስሟን ይንገሩልን።

ታደሰ፦ «ኢትዮጵያ»። የድሮው ባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ። እውነተኛዋ 95 ሜትር ትረዝም ነበር። እኔ አንዱን ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር ነው የምሠራው። ስለዚህ ይህቺ 95 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፣ ወርዷ ደግሞ 12 ተኩል። ለጀማሪ ይህ መጠን ጥሩ ነው። ሂሳቡ አያምታታም።

ሜሮን፦ በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ይህቺን መርከብ አያውቃትም። እኔም ከእርስዎ ነው የሰማሁት።

ታደሰ፦ የተሠራችው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ውሃ ላይ ወረደች። ያኔ ስሟ ኦርካ ነበር። ሥራዋ ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን መንከባከብ ነው። ነዳጅ ትሰጣለች፣ የተበላሸ ትጠግናለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፊሊፒንስ ድረስ ሄዳለች። ከዚያ ጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተላለፈች። መቀመጫዋ ምጽዋ ሆነ። የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብም፣ ማሠልጠኛም እሷ ነበረች።

ሜሮን፦ መጨረሻዋስ?

ታደሰ፦ የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ ተያዘች። በ1983 ደግሞ ከቀሩት መርከቦች ባሕሩን ተሻግረው የመን የገቡ ነበሩ። እሷም አብራ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በቃ። ያን ያህል ዘመን ያገለገለች መርከብ ሄደሽ የምታያት ቦታ የለም። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። እንጨት መሥራት እችላለሁ። ታዲያ ለምን እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ?

ሜሮን፦ እሷ ብረት ናት እንጂ እንጨት አይደለችም ብሎ የሚከራከርዎት የለም?

ታደሰ፦ አለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚመጡት ልጆች አንዱ ሁሌ ያነሳዋል። እንጨቱ ውስጡ ነው። ላዩ ስቱኮ ይቀባል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ቀለም ይነካል። ያን ጊዜ ብረት ትመስላለች። በዚያ ላይ እንጨት ይታዘዛል። ስህተትሽን ፍቀሽ ታስተካክያለሽ።

ሜሮን፦ እስቲ ከመጀመሪያው። ምን ይዘው ጀመሩ?

ታደሰ፦ ስዕል። በአንድ ንድፍ የተሠሩ ብዙ እህትማማች መርከቦች ስለነበሯት ልኳ ይገኛል። ከዚያ ኮምፔርሳቶ ቆረጥኩ። አንዱ ረጅሙ አከርካሪዋ ነው፣ ከታች ከጫፍ ጫፍ የሚሄደው። በእሱ ላይ ጎድኖቹ ይቆማሉ። እያንዳንዱ ጎድን ቅርጹ ይለያያል። መሃል ያለው ሰፊ ነው፣ ወደ ፊት ስትሄጂ እየቀጠነ ምላጭ ይሆናል። ከዚያ በላዩ ጣውላ ይለበጣል። ጣውላው ዋንዛ ነው። የእንጨት ሥራ ቤቶች ከሚጥሉት ቁራጭ ነው የምሰነጥቀው። 5 ሚሊ ሜትር ወርድ፣ ውፍረቱ 1 ተኩል።

ሜሮን፦ እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚተወው።

ታደሰ፦ እዚህ ጋ ነው! እኔም የመጀመሪያዋን መርከቤን እዚህ ጋ አበላሽቻለሁ። ጣውላውን ሁሉ እኩል ወርድ አድርጌ መለጠፍ ጀመርኩ። መሃሉ ላይ ያምራል። አፍንጫዋ ጋ ሲደርስ ግን ቦታ የለም። እርስ በርሱ ይደራረባል፣ ይጣመማል። ጉልበት ጨመርኩ፣ ቀጭ አለ። የሁለት ወር ሥራ ነው የሄደው።

ሜሮን፦ መፍትሔው ምንድን ነው?

ታደሰ፦ ክር ያዢ። መሃል ያለውን ጎድን ከላይ እስከ ታች ለኪ። የኔ 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ለ5 ሚሊ ሜትር ስታካፍይው 24 ጣውላ ይወጣል። አሁን የፊተኛውን ጎድን ለኪ። 7 ሴንቲ ከ2 ሚሊ ነው እንበል። እሱን ለ24 አካፍይ፣ 3 ሚሊ ይመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጣውላ መሃሉ ላይ 5፣ ጫፉ ላይ 3 ሆኖ ይላጋል። ወርዱ ከግማሽ በታች እንዲወርድ ግን አትፍቀጂለት። በጣም የቀጠነ ጫፍ ሙጫም አይዘው፣ ይሰነጠቃል።

ሜሮን፦ ያ ሂሳብ ነው እንግዲህ ምስጢሩ።

ታደሰ፦ አንዱ ነው። ሌላው ውሃ ነው። ጣውላውን የፈላ ውሃ ውስጥ ትነክሪዋለሽ። ሲለሰልስ ጎድኖቹ ላይ ታጎብጪውና በልብስ መቆንጠጫ ታስሪዋለሽ። ያለ ኮላ! እንዲሁ ያድራል። ጠዋት ስትፈቺው ቅርጹን ይዞ ታገኚዋለሽ። ኮላ የሚነካው ያን ጊዜ ነው። ደግሞ አንዱን ከቀኝ ከለጠፍሽ ቀጣዩ ከግራ ነው። ሁሉንም በአንድ ጎን ከጨረስሽ አከርካሪዋ ይጣመማል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያቃናው የለም።

ሜሮን፦ እኔ ግን እዚህ ቤት ስመጣ ከሁሉ የሚገርመኝ ቅዳሜ ነው። የሚመጣው ሰው አናጢ አለ፣ ተማሪ አለ። ደግሞ ያ አባት...

ታደሰ፦ ጎረቤቴን ነው የምትይው። በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ነበሩ። መጀመሪያ የመጡ ቀን አልተቀመጡም። ቆመው አዩዋት። ከዚያ ጣታቸውን የኋላው ወለል ላይ አድርገው «ሸራው የታለ?» አሉኝ። ምን ሸራ? አልኳቸው። ምጽዋ ላይ ፀሐዩ ወለሉን እንደ ምጣድ ስለሚያግለው፣ መርከቧ ወደብ ላይ ስትቆም ከላይ ሸራ ይዘረጋ ነበር አሉ። ጥላው ሥር ነው የምናርፈው አሉ። ስዕሉን አገላበጥኩ። ስዕሉ ላይ የሸራ ምሰሶ አልነበረም። መርከቧን የሳላት መሐንዲስ ምጽዋን አያውቃትማ!

ሜሮን፦ አሁን ምሰሶዎቹን ይሠሯቸዋል?

ታደሰ፦ ተሠርተዋል፣ እያቸው። ከሽቦ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እሳቸው በመጡ ቁጥር አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ደወሉ የት ነበር? መሰላሉ በየት በኩል ነው? እንጨት ካልቆረጥኩ ደግሞ ያንን መጠየቅ ትዝ አይለኝም። ሳይሠራ ታሪክ የሚያነብ ሰው «መርከቧ ምጽዋ ነበረች» ብሎ ያልፋል። የሚሠራ ሰው ግን ሰዎቹ የት ነበር የሚያርፉት ይላል። ይህንን የሚመልሱ ሰዎች አሁን አርጅተዋል፣ ሜሮን። ቶሎ መጠየቅ አለብን።

ሜሮን፦ ባለፈው ስለ ስዊድኗ መርከብ ለልጆቹ ሲነግሯቸው ነበር። እሱንም ይንገሩን።

ታደሰ፦ ቫሳ። እ.ኤ.አ. በ1628 ስቶክሆልም ላይ በመጀመሪያ ጉዞዋ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ሄዳ ሰጠመች። 64 መድፍ ጭና ነበር፣ ላይኛው አካሏ ከብዷት። እ.ኤ.አ. በ1961 ከነሙሉ አካሏ አወጧት። ታዲያ ውስጧ የሠራተኞቹ ማስመሪያዎች ተገኙ። ጫማ የርዝመት መለኪያ ነው። ሁለቱ በስዊድን ጫማ የተለኩ ናቸው፣ አንዱ ጫማ 12 ኢንች። ሁለቱ ደግሞ የአምስተርዳም ጫማ፣ 11 ኢንች። በአንድ መርከብ ላይ! ከዚያ በኋላ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ማስመሪያ ብቻ ነው ያለው። ልጆቹ የራሳቸውን ይዘው ሲመጡ በር ላይ ማስመሪያውን እቀበላቸዋለሁ።

ሜሮን፦ ከ«ኢትዮጵያ» በኋላስ?

ታደሰ፦ የአፄ ካሌብ መርከብ።

ሜሮን፦ የመን ወዳለው ሂምያር የዘመቱበት? ያ እ.ኤ.አ. በ525 ነው። ስዕሉ ከየት ይመጣል?

ታደሰ፦ ስዕል የለም። ጽሑፍ አለ። ፕሮኮፒየስ የሚባል የዚያው ዘመን ጸሐፊ ስለ ቀይ ባሕር መርከቦች ጽፏል። ሚስማር የላቸውም፣ ጣውላው እርስ በርሱ በገመድ ነው የሚታሰረው ይላል። ሰዉ ባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ድንጋይ ስላለ ነው ይል ነበር። ጸሐፊው ግን «አይደለም፣ ብረት ስለማያገኙ ነው» ይላል። እንግዲህ አዱሊስ ወደብ ላይ የቆሙት መርከቦች እንዲህ የተሰፉ ነበሩ ማለት ነው። አንቺ ቀሚስ እንደምትሰፊው።

ሜሮን፦ እንዴት ይሠራሉ ታዲያ?

ታደሰ፦ ቀዳዳው ነው ጭንቁ። እንደ መርፌ የቀጠነ ብረት አግዬ የጣውላውን ጠርዝ እየበሳሁ፣ ክር እያስገባሁ መስፋት ነው። ሁለት ጣውላ ሞክሬያለሁ። ክሩ ደረቅ ሆኖ ከሰፋሽው ቆይቶ ይላላል። አርጥበሽ ስትሰፊው ሲደርቅ ይጠብቃል። ይህን ማንም አልነገረኝም። ጣቴ ነው የነገረኝ። ያኔ የሰፉትም ሰዎች ይህን ሳያውቁት አልቀሩም ብዬ አስባለሁ።

ሜሮን፦ የሰፏቸውን ሁለት ጣውላዎች ፎቶ እናወጣዋለን። አድማጮቻችን፣ «ኢትዮጵያ» ላይ ያገለገለ አባት ወይም ዘመድ ያላችሁ ካላችሁ ጠይቋቸው። ጋሽ ታደሰ፣ አሁን ምን ይፈልጋሉ ከእነሱ?

ታደሰ፦ የኋላው መሰላል። በግራ በኩል ነው ወይስ በቀኝ? ጎረቤቴ በግራ ይላሉ፣ አንድ ሌላ አባት በስልክ በቀኝ አሉኝ። እስካሁን አልለጠፍኩትም።

ሜሮን፦ ውሃው ፈልቷል፣ ጋሼ።

ታደሰ፦ አምጪልኝ። ሰባተኛውን እንንከር።