የሥራ ማጣት ድባቴ ከአንዱ የትዳር ጓደኛ ወደ ሌላው እንዴት ይሻገራል?

(በምስሉ፦ ጭስ የማይወጣበት የፋብሪካ ማማ፣ በመንደር ጎዳና ላይ ቀስ እያሉ የሚራመዱ ወንዶች)

ከቪየና ብዙም በማትርቀው ማሪየንታል በተባለች የኦስትሪያ መንደር፣ አብዛኛው ነዋሪ የሚተዳደረው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 እና በ1930 ደረጃ በደረጃ ከተዘጋ በኋላ፣ ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የተባሉ የማኅበራዊ ጉዳይ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ መንደሯ ገብተው፣ ሥራ ያጡ ቤተሰቦች ቀናቸውን እንዴት እንደሚያሳልፉ በቅርብ ተከታተሉ።

ጊዜ የተረፈው ሰው ያነባል ብለን እንገምት ይሆናል። በማሪየንታል ግን መጽሐፍ ለመዋስ የሚከፈለው ክፍያ ተነሥቶ እንኳ ከቤተ መጻሕፍቱ የሚወጡት መጻሕፍት በግማሽ ያህል ቀነሱ። ወንዶቹ በመንገድ ላይ ደጋግመው እየቆሙ ሲያዘግሙ፣ ሴቶቹ ምግቡም፣ ልብሱም፣ ልጆቹም ስለሚጠብቋቸው ፈጠን ብለው ያልፉ ነበር። አንድ ሥራ አጥ የዕለት ውሎውን በሰዓት ከፋፍሎ እንዲጽፍ ሲጠየቅ፣ ከረፋዱ ሰዓታት በአንዱ ላይ ያሰፈረው «እስከዚያው እኩለ ቀን ይሆናል» የሚል ብቻ ነበር። ሚስቶች ደግሞ ባሎቻቸው ምንም ሥራ ሳይኖራቸው ለምሳ በሰዓቱ አለመምጣታቸውን እያነሡ ያማርሩ ነበር። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ልቤን የሚነካው ይህ የምሳ ሰዓት ጭቅጭቅ ነው፤ ድባቴ ወደ ትዳር የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በእንዲህ ያለ ትንሽ በር ነውና።

ያሆዳ ከዓመታት በኋላ እንዳብራራችው፣ ሥራ ከደመወዝ ሌላ ለቀኑ ቅርጽ ይሰጣል፣ ከቤተሰብ ውጭ ካለ ሰው ጋር ያገናኛል፣ የጋራ ዓላማና ማኅበራዊ ክብርም ያስገኛል። በቋንቋችን «ሥራ ፈት» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ለስድብ ስለሚውል፣ ፈልጎ ያጣውን ሰው በስንፍና ከተጠረጠረው ጋር አንድ ላይ ይፈርጀዋል፤ ይህ ደግሞ የተጎዳውን ክብር ይበልጥ ያቆስላል።

(በምስሉ፦ ምሽት፤ ባልና ሚስት በዝምታ ገበታ ላይ ተቀምጠዋል)

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ተመራማሪዎቹ አሚራም ቪኖኩር፣ ሪቻርድ ፕራይስና ሮበርት ካፕላን በአሜሪካ ከ800 በላይ ሥራ ፈላጊዎችንና የትዳር ጓደኞቻቸውን ያካተተ ጥናት አሳተሙ። ጥናቱ እንዳሳየው፣ የገንዘብ ጭንቀቱ የሁለቱንም ድባቴ ያባብሳል፤ የተጨነቀው የትዳር ጓደኛ ማበረታታቱን እየቀነሰ ነቀፋውን ይጨምራል፤ ይህም ሥራ ፈላጊውን መልሶ ይጎዳዋል፣ ሁለቱም በትዳራቸው የሚያገኙትን እርካታ ይቀንሳል። የቤት ኪራይ መክፈያው በተቃረበበት ምሽት ሚስት «ዛሬስ ምን ተገኘ?» ብትል፣ እርሷ ፍርሃቷን እየተናገረች ይሆናል፤ ባልየው ግን የሚሰማው ክስ ነው። ክሱን ለመሸሽ አምሽቶ መግባት ሲጀምር፣ እርሷም ብቻዋን ስትጨነቅ ታመሻለች።

የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሥራ ፈላጊዎች ባዘጋጁት የአምስት ቀን የቡድን ሥልጠና፣ ተሳታፊዎች ሥራ አፈላለግን ከመለማመዳቸው በተጨማሪ «አይሆንም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አስቀድመው እየጠበቁ ምን እንደሚያደርጉ ይዘጋጁ ነበር። ሥልጠናው ለከባድ ድባቴ ይበልጥ የተጋለጡትን በተለይ እንደጠቀመ ተረጋግጧል።

ስለዚህ የተከፋ ስሜት ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣት ከእንቅልፍና ከምግብ ፍላጎት መዛባት ጋር ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወደ ጤና ባለሙያ ሲኬድ ሁለቱም አብረው ይሂዱ፤ ደመወዟ ያልተቋረጠው ሚስትም፣ ወይም ባል፣ እንቅልፍ አጥታ ወይም አጥቶ እንደሆነ ሊጠየቁ ይገባል።